ሽፋኑን ያጣ ዘፈን

ጥርባ ላይ የተሳፈርኩባት ባጃጅ ስፒከሯ ከሞተሯ ይበረታል። አንድ የጎጃም እስክስታ አለቀ፣ ሬጌ ተከተለ፣ ከዚያ ስለ አባይ የምታዜም ሴት መጣች። ሾፌሩን "ይህቺ ማን ናት?" አልኩት። ስልኩን ገለጥ አድርጎ አየና "ትራክ ዜሮ አራት" አለኝ።

"ዘፋኟንስ?"

"እሱን አይጽፈውም ጋሼ። ሜሞሪዋን ሲሞሉልኝ እንዲህ ሆና ነው የመጣች።"

ዘፋኟ እጅጋየሁ ሽባባው ናት፤ ጂጂ። የተወለደችው ቻግኒ ነው፣ ጥርባ ባለችበት በዚያው በአዊ ዞን። ልጁ የገዛ አገሩን ልጅ ስሟን ሳያውቅ በየቀኑ ለተሳፋሪ ያሰማታል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ሜሞሪ የሚባለው ነገር ሥራው ይኸው ነው፤ ዘፈኑን ይሰጥና ሽፋኑን ያስቀራል። ከሽፋኑ ጋር ማን እንደጻፈው፣ ማን ዜማ እንዳወጣለት፣ የትኛው ዘፈን ከፊቱ፣ የትኛው ከኋላው እንደነበረ አብሮ ይቀራል። "ዜሮ አራት" የምትለዋ ቁጥር ብቻ እንደ እግር ዱካ ተርፋለች። አራተኛ ከሆነች ሦስት የቀደሟት አሉ ማለት ነው። እነሱስ የት ሄዱ?

እዚህ የምጽፈው እነሱን ስለ መፈለግ ነው። በተለይ ደግሞ ግጥሙንም ዜማውንም ራሳቸው ሠርተው፣ ጥቂት መሣሪያ ይዘው፣ ሳይጮኹ የሚያዜሙ ሰዎችን ስለ ማግኘትና ለሌላ ሰው ስለ ማቃመስ። በሌላው ዓለም ይህን ዓይነቱን ሙዚቃ "ኢንዲ ፎክ" ይሉታል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። "ፎክ" የሕዝብ ዜማ ማለት ነው። "ኢንዲ" "ኢንዲፔንደንት" ከሚለው ቃል የተቆረጠ ሲሆን፣ መነሻው ከትልልቅ አሳታሚዎች ደጅ ርቆ የሚሠራ ሙዚቃ ነበር። ሁለቱ ሲገናኙ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው አንድ ሰው፣ አንድ ጊታርና አንድ ሙሉ አልበም ነው። ከበሮ ካለም ከሩቅ ነው።

ይህን የሰማ ኢትዮጵያዊ መጀመሪያ ትዝ የሚለው አዝማሪ ነው፤ ትዝታውም ትክክል ነው። ማሲንቆ ያላት አንድ አውታር ናት፤ አውታሯም የሚፈገፍጋት ደጋንም ከፈረስ ጭራ ነው የሚሠሩት። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ያንን ሁሉ ፈረስ እያየሁ፣ ስንት ማሲንቆ ከፊቴ እየጋለበ እንዳለ አስባለሁ። በሸክላ የተቀረጸው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሙዚቃም ከዚሁ መሣሪያ ጋር የተያያዘ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 (ይህም ሆነ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አፄ ምኒልክ የመኪና ሙያ እንዲማሩ ወደ ጀርመን ልከዋቸው ሳለ፣ ማሲንቆ እየመቱ ድምፃቸውን አስቀረጹ። ገጣሚውም፣ ዘፋኙም፣ መቺውም አንድ ሰው። ከመቶ ዓመት በኋላ እነዚያ ቅጂዎች "ኢትዮፒክስ" በተባለው የፈረንሳይ ተከታታይ ኅትመት 27ኛ ቅጽ ሆነው ወጥተዋል።

ሆኖም አዝማሪና እኛ አሁን የምንፈልገው ዘፋኝ በአንድ ነገር ይለያያሉ። አዝማሪ ግጥሙን የሚፈጥረው ፊቱ ለተቀመጠው ሰው ነው፤ ሰውዬው ሲቀየር ግጥሙም ይቀየራል። ያኛው በሩን ዘግቶ ብቻውን ይጽፋል፤ ጽፎ ሲጨርስ የማያውቀው ሰው እንዲሰማው ይልከዋል። የመጀመሪያው ጠጅ ቤት ያለ ጨዋታ ነው፣ ሁለተኛው ፖስታ ውስጥ የታሸገ ደብዳቤ። ደብዳቤ ደግሞ የሚነበበው ከላይ እስከ ታች ነው።

ታዲያ እንዲህ ያሉትን ከሌላው ዘፋኝ እንዴት ለይተን እናገኛቸዋለን? የድሮ ካሴት ያለው ሰው ሽፋኑን አውጥቶ ይገልብጠው። ከእያንዳንዱ ዘፈን ጎን "ግጥም"፣ "ዜማ"፣ "ቅንብር" የሚሉ ሦስት ቃላት ያገኛል፤ ሦስቱም ፊት ብዙ ጊዜ የሦስት ሰው ስም አለ። የእኛ ሙዚቃ ቤት አሠራር ይህ ነው። ግጥሙ የይልማ ገብረአብ፣ ዜማው የአበበ መለሰ፣ ቅንብሩ የአበጋዝ ክብረወርቅ ሺዎታ ሊሆን ይችላል፤ ፎቶው ግን የዘፋኙ ብቻ ነው። ይህ ነውር የለበትም፤ ከምንወዳቸው ዘፈኖች የሚበዙት በዚህ መንገድ የተወለዱ ናቸው። ነገር ግን በ"ግጥም"ም በ"ዜማ"ም ፊት የዘፋኙ ስም ደጋግሞ ሲመጣ ቆም በሉ። የምትፈልጉት ሰው እዚያ ነው። እኔ ካሴት ስገዛ ከፎቶው በፊት የማየው ይህንኑ ነበር፤ ባለ ሱቁ "ሳትገዛ አንብበህ ልትጨርሰው ነው እንዴ?" እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ወደ ቻግኒዋ ልጅ እንመለስ። ጂጂ ዘፈኖቿን ራሷ የምትጽፍ፣ ዜማዋን ራሷ የምታወጣ ናት። ያደገችበት ቤት የቤተ ክርስቲያን ዜማ የሚሰማበት ስለነበር፣ ድምፅዋን ስትስብና ስታጥፍ ከዘፈን ቤት ይልቅ ከቅኔ ማኅሌት የመጣ የሚመስል ነገር አለባት። በኬንያ አልፋ በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ አሜሪካ ሄደች። ቦብ ማርሌን ለዓለም ያስተዋወቀው ክሪስ ብላክዌል ባቋቋመው ፓልም ፒክቸርስ በኩል በ2001 በራሷ ስም የተሰየመ አልበም አወጣች። አዘጋጁ ቢል ላስዌል ነበር። ሄርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተርና ፋሮ ሳንደርስን የመሰሉ የጃዝ ሊቃውንት ተጫውተውበታል። ባጃጇ ውስጥ የሰማናት "አባይ" የዚህ አልበም አራተኛ ናት። ከፊቷ "ጉድ ፈላ"፣ "መንገደኛ"ና "ተው አንተ ሰው" አሉ፤ ወዲያው ከኋላዋ "ባለ ዋሽንት" ይመጣል።

ቅደም ተከተሉን የዘረዘርኩት የማስታወስ ችሎታዬን ለማሳየት አይደለም። "አባይ" ለብቻዋ ስትሰማ ስለ አንድ ወንዝ የተዘፈነች ናት። ከ"መንገደኛ" ቀጥላ ስትመጣ ግን ወንዙ ራሱ መንገደኛ ይሆናል፤ አገሩን ለቆ የሄደ፣ የማይመለስ። ለዘፋኟም እንደዚያው። የአባይ ምንጭ ግሽ ከአዊ ሩቅ አይደለም፤ ዘፋኟም ከዚያው አካባቢ ተነሥታ ውቅያኖስ ተሻግራለች። አልበሙ ወደ መጨረሻው ሲደርስ "አድዋ" ይመጣና ሁሉንም በ"ናፈቀኝ" ይዘጋል። ጥር 23 ቀን የአድዋን ፈረሰኞች ለሚዘክር የእንጅባራ ሰው "አድዋ" ለብቻዋም ብዙ ትናገራለች፤ ቀጥሎ "ናፈቀኝ" ሲመጣ ግን ያቺ ድል ከሩቅ አገር ሆኖ የሚያስባት ሰው ድል ትሆናለች። ሜሞሪው የወሰደብን ይህን ጉርብትና ነው።

አሁን ምክር ልስጥ። ጂጂን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰማ ሰው ግን እኔ የ2001ዱን አልበም አላስቀድምለትም። እሱ ጉራማይሌ ነው፤ ውስጡም በዚሁ ስም የሚጠራ ዘፈን አለ። ጃዙ፣ ኤሌክትሮኒኩና የጎጃሙ ዜማ በላይ በላዩ ስለተነባበሩ ጆሮው ያልለመደ ሰው ድምፅዋን ሊያጣት ይችላል። መጀመሪያ የምሰጠው በ2003 "አቢሲኒያ ኢንፊኒት" በሚል የቡድን ስም የወጣውን "ዛየን ሩትስ" ነው። እዚህ ላይ ላስዌል የታወቀበትን ኤሌክትሪክ ቤዝ አስቀምጦ ጊታር አነሣ፤ ክራሩና ዋሽንቱ ወደ ፊት መጡ፤ ነባር የባህል ዜማዎች ብዙ ቦታ አገኙ። ዙሪያው ስለ ጸዳ ድምፅዋ ከአጠገብ ይሰማል። ከዚያ ወደ 2001ዱ፣ ከዚያም በ2006 በሰምና ወርቅ ስም ወደ ወጣው አልበም መሄድ ይቀላል። ሕግ አጥባቂ የሆነ ሰው "ትልቅ ኩባንያ ያሳተማት ዘፋኝ እንዴት ኢንዲ ትባላለች?" ብሎ ሊሟገተኝ ይችላል። ይሟገት። ከማኅተሙ ይልቅ የጻፈችው እጅ ይበልጥብኛል።

ከጂጂ ወደ ኋላ ስንሄድ ክራር እናገኛለን። ካሳ ተሰማ፣ ማሪ አርምዴ፣ አስናቀች ወርቁ። ሦስቱም ክራር ይዘው ብቻቸውን ሙሉ መድረክ መሸፈን የሚችሉ ሰዎች ነበሩ። ከሦስቱ ለጀማሪ የማቀርበው አስናቀችን ነው። በቴአትር መድረክ ከታዩት የመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋናዮች አንዷ ነበረች፤ ሲያዳምጧትም ተዋናይነቷ ይሰማል። ድምፅዋ ጎርነን ያለ ነው፤ አትቸኩልም፤ ግጥሙን ትወረውርና አድማጩ እስኪገባው ትጠብቀዋለች። "ኢትዮፒክስ" 16ኛ ቅጹን በሙሉ ለእሷ ሰጥቷል፤ የወጣው በ2003 ነው። እሷ በ2011 አረፈች። አዝማሪንና ደብዳቤ ጸሐፊውን ዘፋኝ የምታገናኝ ድልድይ ብትኖር እሷ ናት፤ ካሴት ላይም ሆና ፊቷ ሰው የተቀመጠ ይመስል ትጨዋወታለች።

ከክራር ቀጥሎ በገና አለ፤ አሥር አውታር። በገናን እንደ ዘፈን መቁጠር ነውር ነው፣ መዝሙር ነውና። ቢሆንም አንድ ሰው፣ አንድ መሣሪያ፣ አንድ ዝግ ያለ ድምፅ ምን ያህል ቦታ ሊሞላ እንደሚችል ለመማር ከአለሙ አጋ የተሻለ አስተማሪ የለም። በ1970ዎቹ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ያስተምሩ ነበር። "ኢትዮፒክስ" 11ኛው ቅጽ የእሳቸው ነው። ቀን፣ በገበያ ጫጫታ መካከል አይሰማም። ማታ፣ መብራት ከጠፋ በኋላ ይሰማ። የአውታሮቹ ንዝረት ደረት ውስጥ ሲገባ ይታወቃል።

ከሁሉም ያስገረመኝ ግን በቅርቡ የወጣ ነው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በፒያኖ ነው፤ ቃል በሌለበት ፒያኖ። "ኢትዮፒክስ" 21ኛ ቅጹ በ2006 ለዓለም ያሰማውም ያንኑ ነበር። በመጋቢት 2023 በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው አረፉ። በዓመቱ "ሱቨኒርስ" የሚባል አልበም ወጣ፤ እማሆይ ይዘፍኑበታል! በ1977 እና በ1985 መካከል፣ በደርግ ዘመን፣ አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት ፒያኖ እየመቱ በቴፕ የቀረጿቸው የአማርኛ ዜማዎች ናቸው። ስቱዲዮ የለም፣ ባንድ የለም፣ አሳታሚ የለም። አንዲት መነኩሲት ከአገር መለየትን እያሰቡ ለራሳቸው ያዜማሉ። ኢንዲ ፎክ ምን እንደሆነ በአንድ አልበም አሳየኝ የሚለኝ ሰው ቢመጣ፣ የውጭውን ሁሉ ትቼ ይህንን እሰጠዋለሁ። ቅጂው እንደ ስቱዲዮ ሥራ የጠራ አይደለም፤ ክፍሉ ራሱ ይሰማል። አንዳንድ ሰው "ጥራት የለውም" ብሎ በሁለተኛው ዘፈን ይዘጋዋል። ትዕግሥት ያለው ሰው አራተኛው ላይ ሲደርስ አጠገባቸው ተቀምጧል።

አሁን ካሉት ዘሪቱ ከበደን አልዘልም። በ2005 በስሟ ያወጣችው አልበም ሲመጣ፣ ራሷ የምትጽፍ ወጣት ሴት በአማርኛ ስለ ተራ ቀን ተራ ስሜት መዝፈን እንደምትችል ለብዙዎቻችን አሳየ። አዲስ አበባ ላይ ሙኒት መስፍንና ዮርግ ፋይል አንድ ጊታርና አንድ ድምፅ ብቻ ይዘው ይሠሩ የነበረውም የዚሁ ዘር ነው። ከአገር ውጭ መክሊት ሃደሮ አለች፤ አዲስ አበባ ተወልዳ አሜሪካ ያደገች፣ ጃዝና ፎክን የምታቀላቅል፣ በ2010 የመጀመሪያ ሙሉ አልበሟን ያወጣች። በእንግሊዝኛ ስለምትዘፍን የሚሸሻት ሰው ካለ፣ በ2014ቱ አልበሟ ውስጥ ባለው "ከመከም" ይግባ። ነባሩን የአገር ቤት ዜማ ወስዳ የራሷ አድርጋዋለች።

እነዚህን መስማት እናትን እንደ መጠየቅ ነው። ሚሬል ዋግነር ግን ሌላ ነገር ናት። ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዳ በሕፃንነቷ ፊንላንድ ሄዳ አደገች። በዘፈኗ ውስጥ ቅኝታችንን የሚፈልግ አያገኝም። ጊታርና ድምፅ ብቻ ነው፤ ስለ ሞት፣ ስለ ጨለማ፣ ስለ ልጆች በጣም በቀስታ ታወራለች። ሁለተኛው አልበሟ በ2014 ሰብ ፖፕ በተባለ የሲያትል ኩባንያ ወጥቷል። አበሻ ናት ተብሎ ትዝታ እንዲሰማላት ለሚጠብቅ ሰው አትጋበዝ፤ ያዝናል። ዝምታ ለሚወድ ሰው ግን የተሰጠች ናት።

ከእኛ ጋር ምንም ዝምድና ከሌላቸው አንዷን ብቻ እጨምራለሁ፤ አገራችን ፈረስ የሚወድ ስለሆነ። ቫሽቲ ቡንያን የምትባል እንግሊዛዊት በ1968 ከለንደን ተነሥታ ፈረስ በሚጎትተው ጋሪ ወደ ስኮትላንድ ደሴቶች ጉዞ ጀመረች። እየሄደች ዘፈን ጻፈች፤ ዘፈኖቹ በ1970 "ጀስት አናዘር ዳይመንድ ዴይ" ተብለው ወጡ። ገዢ አጡ። ተስፋ ቆርጣ ሙዚቃን ተወች፣ ልጆች አሳደገች። ሠላሳ ዓመት አልፎ በ2000 አልበሙ እንደገና ሲታተም፣ መጀመሪያ ሲወጣ ገና ያልተወለዱ ልጆች ወደዱት፤ እሷም በ2005 ሁለተኛ አልበም አወጣች። የጋሪው ፍጥነት በዘፈኖቹ ውስጥ አለ፤ የሚቸኩል የለም።

እንዲህ ያለ ነገር የሚሆነው በፈረንጅ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከእንጅባራ ዳንግላን አልፎ ባሕር ዳር የሚገባውን መንገድ ያዙ። ብሪያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ የካሴት ለቃሚ ባሕር ዳር ላይ ካሴት ሲያገላብጥ የኃይሉ መርጊያን "ሸሞንሟናዬ" አገኘ። ኃይሉ ዘፋኝ አይደለም፤ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረና በ1985 ዋሽንግተን ላይ አኮርዲዮን ይዞ ብቻውን ያንን ካሴት የሠራ ሰው ነው። ካሴቱ ሲገኝ እሱ በዋሽንግተን ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ ከመኪናው ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመዳል። በ2013 ካሴቱ እንደገና ታተመ፤ ኃይሉ ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 አዲስ አልበም አወጣ። የዚህ ሁሉ መነሻ አንድ ሰው አንድን የካሴት ሽፋን ማንበቡ ነው። እኛ በዚያች ከተማ ስንት ጊዜ አልፈናል!

ሰው ማግኘት አንድ ነገር ነው፣ ለሌላ ማቃመስ ሌላ። እዚህ ላይ አብዛኛዎቻችን ጥፋተኞች ነን። ያገኘነውን ሁሉ በቴሌግራም እንወረውራለን፤ ሃያ ዘፈን አንድ ላይ፣ ከላይ "ምርጥ!" የሚል ቃል። ተቀባዩ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰምቶ ይተወዋል። እኔ ከብዙ ስሕተት በኋላ የደረስኩበት ልማድ ይህ ነው፦ አንድ አልበም ብቻ እሰጣለሁ። በየትኛው ዘፈን መግባት እንደሚሻል እናገራለሁ፤ ሁልጊዜ የመጀመሪያው አይደለም። መቼ እንደሚሰማ እናገራለሁ፣ የአለሙ አጋ በገና በሠርግ ዋዜማ አይላክምና። አንድ የሚያዳምጠው ነገርም እጠቁማለሁ፤ "የክራሩን ዝምታ ተከታተል" ወይም "ሦስተኛው ላይ ድምፅዋ ሲቀየር አስተውል"። ከዚያ ዝም እላለሁ። በማግሥቱ "ሰማኸው ወይ?" ብሎ መጨቅጨቅ የአልበሙን ጣዕም ያበላሻል። ሰው እናቱ የላከችለትን ድርቆሽ እንኳ በጥድፊያ ቢያስበሉት አይጥመውም።

የባጃጇን ሂሳብ ስከፍል ለልጁ ያልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቻግኒ መወለዷን። ስልኩን አነሣና ዘፈኗን ከመጀመሪያው መለሳት።

"የኛዋ ቻግኒ?"

"የኛዋ።"

ጥቂት ሰማና "ይሄ ዜሮ አራት ከሆነ፣ ዜሮ አንድ ማን ትባላለች ጋሼ?" አለኝ።

"'ጉድ ፈላ'።"

ሳቀ። ከዚያ የፋይሉን ስም ለመቀየር ጣቱን ስክሪኑ ላይ አስደግፎ "ትራክ" የሚለውን አጠፋና፣ በአማርኛ፣ ፊደል በፊደል "ጂጂ" ብሎ መጻፍ ጀመረ። ከኋላችን ሌላ ባጃጅ ጥሩንባ ነፋች።